ከበሮ ያሞቅሁ ዕለት

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ጥያቄው ለሴቶቹ ነበር። እኔ ሶፋው ጥግ ተቀምጬ ብርቱካኔን እልጥ ነበር። አርፌ ብርቱካኔን ብበላ ኖሮ ያን ያህል ሕዝብ በጥር ብርድ በፒጃማ ደጅ ባልወጣ፣ ያ ሁሉ ቀይ መኪና እየጮኸ ባልመጣ፣ እኔም እስከ ዛሬ በየሰርጉ “እሱ ነው እንዴ? ይኼ?” እየተባልኩ ባልታየሁ። ግን ምን ላድርግ፣ አፌ አያርፍልኝም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መሀል ላይ ነው። እኔና ጓደኛዬ ጌቱ ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከፎቆቹ በአንዱ፣ አሥራ አንደኛው ላይ፣ አፓርታማ ተካፍለን እንኖር ነበር። ሁለታችንም ወንደላጤ ነን። የጌቱ እህት ሰናይት ዳንፎርዝ አካባቢ ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ፍሪጃችንን ትከፍታለች፣ አፍንጫዋን ትይዛለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች። ወደ ቤታችን የምትመጣ ሴት እሷ ብቻ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንም። ይህች ሰናይት ልታገባ ሆነ። ሙሽራ ደግሞ ከቤተሰብ ቤት ነው የምትወጣው፤ ቤተሰብ ማለት ጌቱ፣ የጌቱ ቤት ማለት የእኛው ፍሪጅ ያለበት ቤት። እናም ያ ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ታጠበ፣ ተቀባ፣ መጋረጃ ተሰቀለለት። የኔ አልጋ ተነቅሎ በረንዳ ላይ ወጣ፤ እስከ ሰርጉ ድረስ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተኛሁ።

ለሰርጉ እናታቸው እትዬ ዘነበች ከአዲስ አበባ መጡ። የሰው እናት ከኤርፖርት ስትወጣ በርበሬና ሽሮ ይዛ ነው። እትዬ ዘነበች ከበሮ አቅፈው ወጡ። የእንጨት፣ ትልቁን የሰርግ ከበሮ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ጨርቅ የተጠቀለለበት። አውሮፕላኑ ውስጥ እናስቀምጥልዎት ሲሏቸው እምቢ ብለው ጉልበታቸው ላይ ይዘውት ነው የመጡት። የጉምሩኩ ሰውዬ ውስጡ ምን አለ ብሎ በጣቱ ቢያንኳኳው፣ እሳቸው መምታት ያማረው መስሏቸው “እንዲህ አይደለም ልጄ” ብለው እጁን ይዘው ሲያስተምሩት ከኋላ ያለው ሰልፍ ቆሞ ጠበቀ አሉ። እናታቸው የተሸኙበት ከበሮ ነው፤ እሳቸውም የተሸኙበት።

ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ታዲያ፣ ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ሳሎን ሞልተው፣ እኔ እንዳልኳችሁ ብርቱካኔን ይዤ፣ እትዬ ዘነበች ብድግ አሉና ጠየቁ።

“ለመሆኑ ከበሮ የምትመታው ማናት?”

ሚዜዎቹ ተያዩ። ሁሉም ሥራ ያላቸው፣ አንዳንዶቹ ሁለት ሺፍት የሚሠሩ፣ ዘፈን ከተነሳም በእስክስታ ምድር የሚያንቀጠቅጡ ልጆች ናቸው፤ ከበሮ ግን ነክተው አያውቁም። አንዷ ቀስ ብላ “ሲዲ አለ እኮ እትዬ። ስፒከርም ቡክ አድርገናል” አለች።

“ሲዲ?” አሉ እትዬ ዘነበች። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና ተቀመጡ። ድምፃቸው ወረደ።

“ስሙኝማ ልጆቼ። ሰናይት ያን ጊዜ በሱዳን በኩል ስትሄድ ከቤቴ የወጣችው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ጫማዋን በእጇ ይዛ። በሩ ሲጢጥ ይላል፣ ጎረቤት ይሰማል ብዬ ማጠፊያውን ዘይት ቀብቼ ነው የከፈትኩላት። በሰላም ግቢ ልላት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። አፌን በነጠላ ይዤ ሸኘኋት። አንዲት ሴት ልጄን፣ ሳላለቅስ፣ ሳልመርቃት፣ እንደ ሌባ አስወጣኋት። ስንት ዓመት ሙሉ ያ ነገር እዚህ ጋ ተቀምጧል።” ደረታቸውን ነኩ። “ታዲያ አሁን በሲዲ ልሸኛት? ከበሮ ይመታል! ሰፈር ምድሩ ይሰማል! ከበሮ ሳይመታ ልጄ ከዚህ በር አትወጣም። ጨርሻለሁ።”

ሰናይት ጥፍሯን እያየች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጌቱ ወደ ጣሪያ ያያል። ቤቱ ጭጭ አለ። ዝምታ ደግሞ እኔ አልወድም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ዝምታ ሲሆን የሆነ ነገር ካላልኩ ያመኛል።

“እኔ እመታለሁ” አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እትዬ ዘነበች ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ከነብርቱካኔ ተመለከቱኝና “አንተ? ወንዱ?” አሉ።

“ከበሮ ላይ ነው ያደግሁት!” አልኩ አፌን ሞልቼ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ውሸት አልነበረም። በእውነት ከበሮ ላይ ነው ያደግሁት፤ ማለቴ ከበሮ ባለበት ግቢ። ጉለሌ፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን እማማ ትርፌ ይባሉ ነበር። በሰፈራችን ያለ እማማ ትርፌ ሰርግ የለም። እሳቸው ከበሮውን አንገታቸው ላይ ሲያንጠለጥሉ ልቤ ከቦታው ይነሳል። ሌላው ልጅ ሰርግ ቤት የሚሄደው ለፍትፍቱ ነው፤ እኔ እጃቸውን ለማየት ነበር። ከዚያ ቤት ስገባ ያገኘሁትን እደበድባለሁ። የመጀመሪያው መሣሪያዬ የእናቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። ሁለተኛው ጀሪካን። ሦስተኛው ትምህርት ቤት ከፊቴ የሚቀመጠው ልጅ ራስ ሲሆን፣ ድምፁ ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ አስተማሪያችን ሙዚቃ አይገባቸውም። አባቴ ራዲዮ ሲከፍቱ እኔ ጠረጴዛውን ስመታ፣ እሳቸው እኔን ሲመቱ፣ ቤታችን ባንድ ነበረው ማለት ይቻላል።

የእማማ ትርፌን ከበሮ ግን አንድም ቀን አልነካሁም። “ይኼ የሴት ነው፤ አንተ ኳስህን ሂድና ምታ” ይሉኛል። አልሄድ ስላቸው ጊዜ አንድ ቀን አሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ ገልብጠው ሰጡኝ። “በል እሱን ምታ። ባልዲ ቢቀደድ ማንም አያለቅስለትም” አሉኝ። እኔም ከዚያ ወዲያ በየሰርጉ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሳቸውን በባልዲ አጅባቸው ነበር። የሚሰማኝ ካለ።

የሰርግ ዕለት ማለዳ ከበሮውን ፀሐይ ላይ ያወጡታል። ቆዳው ከላላ ድምፅ የለውማ። ሰማዩ ከደመነ ደግሞ ፍም አጠገብ ያሞቁታል። እኔ ሥራዬ ዶሮዎች እንዳይወጡበት መጠበቅ ነው። አቤት ያን ሥራ ስወደው! አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ያየሁት ሁሉ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ማለት፣ ከአንዲት ነገር በቀር። እሷን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ የሰርጉ ጠዋት ደረሰ። ቅዳሜ ነው። ቤታችን ውስጥ ከሐሙስ ጀምሮ ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ወጥ ሲንተከተክ ሰንብቷል። መስኮቱ ሁሉ አልቦታል፤ ግድግዳው ላይ ውሃ ይወርዳል። ሽታው እስከ ኤሌቬተሩ ደርሷል። ሱፐሩ፣ ማለትም ሕንፃውን የሚጠብቀው ቁልፍ ከወገቡ የማይለየው ጓያናዊ፣ አርብ ዕለት መጥቶ በሩን አንኳኩቶ ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም። “ምግብ ሥሩ፣ ሰርጋችሁን ደግሱ፤ ጢስ ከበዛ መስኮት ክፈቱ። የኮሪደሩን በር ግን በፍጹም እንዳትከፍቱ” ብሎ ጣቱን አወዛወዘብን። እኛም በአንድ ድምፅ “ኖ ፕሮብሌም” አልነው።

በል እንግዲህ አሳየን ተባልኩ። ከበሮውን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። እትዬ ዘነበች ከወጥ ቤት ማማሰያ ይዘው ወጡ። ሚዜዎቹ ከነመዋቢያቸው ከመኝታ ቤት ብቅ አሉ። ትከሻዬን ነቅነቅ አደረግሁና አንዴ አሳረፍኩበት።

“ፏ” አለ።

ደግሜ መታሁት። “ፏ።” እርጥብ ፍራሽ የተደበደበ ነው የሚመስለው። ያ ሁሉ እንፋሎት ለካ ቆዳው ውስጥ ገብቶ አርሶታል። ሚዜዎቹ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። እትዬ ዘነበች ግን ቆዳውን ዳሰስ አደረጉና “ላልቷል። ይሙቅ” ብለው ወደ ወጣቸው ተመለሱ። እንዴት እንደሚሞቅ አልጠየቅኋቸውም። ከበሮ ላይ ያደገ ሰው ይጠይቃል?

መጀመሪያ በረንዳ ላይ አወጣሁት። ፀሐይ ወጥታለች። የቶሮንቶን የጥር ፀሐይ ለማታውቁ ግን፣ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለች አምፖል ናት፤ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። ከበሮው ከመሞቅ ይልቅ በረዶ ጋገረ። መልሼ አስገባሁትና መስኮቱ ስር ካለው ማሞቂያ ጋር አስደገፍኩት። ማሞቂያው እንኳን ከበሮ እኛንም አሙቆን አያውቅም።

ከዚያ ከመኝታ ቤት የፀጉር ማድረቂያ ድምፅ ሰማሁ። አያችሁ፣ ሰው ሲጨንቀው የማይታየው የለም። አንኳኩቼ ገባሁ። ሰናይት ወንበር ላይ ተቀምጣ ግማሽ ፀጉሯ ተጠቅልሎ፣ ግማሹ ውሃ እያንጠባጠበ ነው።

“ለአንድ አፍታ ብቻ” አልኩ ማድረቂያውን ያዝ አድርጌ።

“አንተ ሰውዬ ዛሬ ጤና የለህም እንዴ? የኔ ፀጉር ነው ወይስ ከበሮ ነው የሚቀድመው?” አለች።

“ከበሮው ይቅደም!” የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት መጣ። የእናት ድምፅ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ማድረቂያውን ከበሮው ላይ ደገንኩ። አንዷ ሚዜ በሌላ በኩል የፀጉር መጠቅለያውን ሰካች። የወጥ ቤቱ ምድጃ ሁሉ እየነደደ ነው። ቤቱ እንግዲህ ከዚህ በላይ አልቻለም፤ መብራቱ ድርግም አለ። ጌቱ ክራቫቱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጦ ብሬከሩን ሲመልስ፣ እኔን ከመኝታ ቤት አስወጥተው በሩን ከውስጥ ቆለፉት። ሙሽራዋ እስከ ዛሬ ፎቶዋ ላይ ፀጉሯ በቀኝ በኩል ጥቅልል በግራ በኩል ቀጥ ያለ ነው። ፋሽን ነው ትላለች፤ ጥፋቴን ስለሸፈነችልኝ አመሰግናታለሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይኼኔ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እኔ ከበሮውን አቅፌ በኤሌቬተር ምድር ቤት ወረድኩ፤ የልብስ ማድረቂያዎቹ ጋ። እዚያ ፎጣ ከሚያጥፉ ሴቶች መሀል ሆኜ ከበሮ ማድረቂያው አፍ ውስጥ ለማስገባት ስታገል ሱፐሩ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ከበሮውን አየ።

“ምንድን ነው እሱ?” አለ።

“ድራም” አልኩ።

“ኖ ድራም” አለ። ክርክር አልነበረውም። ለነገሩ ከበሮውም አልገባም ብሎኛል።

ስመለስ እትዬ ዘነበች የሀበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጥለቱን እያስተካከሉ፣ በሩ ላይ ጠበቁኝ። “ሞቀ?” አሉ። ዓይናቸው ውስጥ ያለውን ነገር ባታዩት ይሻላል። ያቺ በር በዘይት የታሸችበት ጠዋት ነው እንዳለ ያለው። አልሞቀም ማለት አቃተኝ። “ሊደርስ ነው” አልኳቸው።

ያኔ ነው እንግዲህ ኦቨኑን ያየሁት። ወጡ ወርዶ ወጥ ቤቱ ባዶ ነው። እማማ ትርፌ ፍም ነበራቸው፤ የኔ ፍም ይኼ ነው አልኩ። ኦቨኑን ለኮስኩ፤ በሩን ከፈትኩ፤ ፊት ለፊቱ ወንበር አስቀምጬ ከበሮውን አስተኛሁበትና ፊቱን ወደ እሳቱ አዞርኩት። ቆምኩና በጣቴ ነካ ሳደርገው፣ እናንተዬ፣ “ዱም!” አለ። ያ ድምፅ ቀጥ ብሎ ጉለሌ ወሰደኝ። ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ይጨምር አልኩ። ስግብግብነት እኮ ነው ሰውን የሚያጠፋው።

በዚያች ደቂቃ ኢንተርኮሙ ጮኸ። ሰርገኛው ደርሷል! ቤቱ ተገለባበጠ። ሴቶቹ በር ለመዝጋት ተሰለፉ፤ የሙሽራው ወገን ውጭ ቆሞ እየዘፈነ መለማመጥ አለበት፤ እነሱ ደግሞ እምቢ ማለት አለባቸው። ማን ፊት ይቁም በሚለው ጭቅጭቅ ተነሳ። እኔም ሪባን የታሰረባቸውን መኪኖች ልይ ብዬ በረንዳ ወጣሁ። ሚዜዎቹ ጥቁር ሱፍ ለብሰው በረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ሲመጡ ማየት ደስ ይላል። እያየሁ ጥሩ ሽታ ሸተተኝ። በዚህ ሰዓት ጥብስ የሚሠራው ማነው ብዬ አሰብኩ፤ ሆዴም ጮኸ። ከበሮው ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ወጥ ቤት ስደርስ በጢሱ መሀል ወንበሩ አይታየኝም። የከበሮው ጨርቅ ጠርዝ ጠርዙን ይጨሳል። ኦቨኑን አጠፋሁ። ሽንኩርት የተቀመጠበትን ባልዲ ገልብጬ ውሃ ሞላሁ፤ ጨርቁ ላይ ረጨሁበት። ጢሱ ባሰበት። ሁሉም ያስላል። ጢሱ ይውጣ እንጂ ብዬ፣ ሴቶቹን በክርኔ ገፋ አድርጌ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

የኮሪደሩን በር።

የሱፐሩ ጣት ዓይኔ ላይ የመጣው እጄ ገና እጀታው ላይ እያለ ነው። ጢሱ እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ወጣና ኮሪደሩን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ የሕንፃው ፋየር አላርም በሙሉ፣ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ፣ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ከኋላዬም “ቷ!” የሚል ነገር ሰማሁ። ዞርኩ። የከበሮው ቆዳ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

እትዬ ዘነበች ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝም ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን መጥተው የተቀደደውን ቆዳ ዳሰሱና በጣም ቀስ ብለው “እጅህን አላሳረፍክበትም?” አሉኝ።

ያቺ የረሳኋት ነገር እሷ ነበረች። እማማ ትርፌ ከበሮ ሲያሞቁ መዳፋቸውን ቆዳው ላይ አሳርፈው ነው፤ እጃቸውን ሲያቃጥላቸው ያነሱታል። ያን ሁሉ ዓመት ዶሮ ስጠብቅ አጠገባቸው ነበርኩ። እጃቸውንም አይቻለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ መሬት ከየት ይምጣ።

አላርም ከጮኸ ኤሌቬተር አይሠራም። በደረጃ ወረድን። ሙሽራዋ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ሚዜዎቿ ጫፉን ይዘው፣ ጌቱ እንጀራ የሞላ መሶብ ተሸክሞ፤ ለምን መሶቡን እንደመረጠ እስከ ዛሬ አያውቅም። እትዬ ዘነበች የተቀደደውን ከበሮ ልክ እንደ ሕፃን አቅፈውታል። እኔ ከኋላ ባዶውን ባልዲ ይዤ እወርዳለሁ፤ ከእጄ ማስቀመጡ ትዝ አላለኝም። በየፎቁ በር እየተከፈተ ጎረቤት ይቀላቀለናል። ሰዉ ሁሉ በፒጃማ፣ አንዳንዱ ድመቱን ታቅፎ፣ ሙሽራዋን ሲያይ ግራ እየተጋባ “ኮንግራጁሌሽንስ” ይላል። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ፓኪስታናዊት እናት ሲያበስሉ ነበር መሰለኝ ጭልፋቸውን እንደያዙ ወጡ።

ታች ስንደርስ ጉዱ ፈልቷል። የእሳት አደጋ መኪኖች መጥተዋል። ሁለት ግድንግድ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መግቢያው በር ላይ ቆመው ማንንም አናስገባም ብለዋል። የሙሽራው ወገን ደግሞ ነገሩን ከየት ያውቀዋል? እምቢ መባል ወጉ ነው። እንደውም ሰናይት ምን ያህል የተከበረች ብትሆን ነው ብለው ሳይደነቁ አልቀሩም። ክብ ሠርተው እየዘፈኑ፣ እያጨበጨቡ፣ ሠራተኞቹን ይለማመጣሉ። አንደኛ ሚዜው በወጉ መሠረት ሽቶውን አወጣና ትልቁን ሰውዬ ከነሄልሜቱ ረጨው። ሰውየው አስነጠሰ፤ ግን አልተነቃነቀም። በር ዘግቶ ሙሽራ በማስከበር እንደዚያ ያለ ሰው አላየሁም።

በዚያው በር እኛ ከውስጥ ፈሰስን። ሙሽራዋ፣ እናቷ፣ መሶቡ፣ ድመቶቹ። ሙሽራው አፉን ከፍቶ ቀረ። የሚለመንበትን በር እኛው ትተነው ወጣን እኮ!

ፓርኪንጉ ላይ በበረዶው መሀል ቆምን። የሠራተኞቹ አለቃ ከላይ ወርዶ የማነው ቤት አለ። እጄን አወጣሁ፤ ባልዲው አብሮ ወጣ። ምን ስታበስል ነበር አለኝ። ከበሮ እያሞቅሁ ነበር አልኩት። ደግመህ ንገረኝ አለ። ደግሜ ነገርኩት። ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከና ወደ መኪናው ተመለሰ።

ከዚያ አላርሙ ተቋረጠ። እንዲያ ሲጮኽ ቆይቶ ጸጥ ሲል ጆሮ ይጨንቀዋል። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እትዬ ዘነበች ከበሮውን ደረታቸው ላይ እንዳስጠጉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ “ልጄ፣ ዛሬም ዝም ብላ ልትወጣ ነው” አሉ።

ነግሬያችኋለሁ፣ ዝምታ አልወድም። ያን ዝምታ ግን ጠላሁት። ሰናይትን አየኋት፤ ቬሎዋ ጫፉ ረጥቦ፣ ግማሽ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ዓይኗ እናቷ ላይ ነው። ባልዲውን ገለበጥኩና የመኪና ማቆሚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሱሪዬ በረዶውን ጠጣው። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። መታሁ።

የመጀመሪያው ምት ሳቅ አስነሳ። ሁለተኛው ላይ ሱፐሩ ወደኔ መራመድ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ግን እጆቼ አስታወሱ። እኔ አይደለሁም፤ እጆቼ ናቸው። ከአጥሩ ወዲህ የተማሩትን ሁሉ፣ የሳፋውን፣ የጀሪካኑን፣ ያንን ልጅ ራስ እንኳ፣ አመጡት። ጉሮ ወሸባዬ የሚያሰኝ ምት፣ በባዶ የሽንኩርት ባልዲ፣ ፎቆቹ መሀል እየተጋጨ ይመለሳል።

እትዬ ዘነበች አዩኝ። ከበሮውን ለጌቱ ሰጡት፤ እሱም መሶቡ ላይ አደረገው። አፋቸውን በነጠላቸው ሊይዙ እጃቸውን አነሱና፣ መሀል ላይ ተዉት። ከዚያ እልል አሉ። እኔ እልልታ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ዓይነቱን ግን አልሰማሁም። ስንት ዓመት የታፈነ ነገር ነው ባንድ ትንፋሽ የወጣው። እያለቀሱ እልል ይላሉ፣ እልል እያሉ ይመርቃሉ፤ ሰናይት አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ትንሰቀሰቃለች። ሚዜዎቹ ተቀበሉ። የሙሽራው ወገን ተቀበለ። ፓኪስታናዊቷ እናት አጠገቤ ቁጢጥ አሉና በጭልፋቸው የባልዲውን ጠርዝ ያንኳኩ ጀመር፤ ለካ በእነሱም አገር የሰርግ ከበሮ በማንኪያ ይታጀባል። ከየበረንዳው ሰው ያጨበጭባል። ሱፐሩ እኔ ጋ ሲደርስ እትዬ ዘነበች ከመሶቡ እንጀራ ቆርሰው አጎረሱት፤ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ከሙሽራው ጋር የመጣው ካሜራ ያዥ ሁሉንም ይቀርጻል።

ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ሲገቡ የእሳት አደጋ መኪኖቹም ሥራቸውን ጨርሰው ሊሄዱ ተነሱ። መውጫው አንድ ነው። ስለዚህ ቀዩ መኪና መብራቱን እያብለጨለጨ ከፊት፣ የሰርጉ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ከኋላ፣ ከቶርንክሊፍ ፓርክ ወጣን። ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ቄሱ ለምን ዘገያችሁ ብለው ሲቆጡ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

እትዬ ዘነበች የተቀደደውን ከበሮና የሰርጉን ቪዲዮ ይዘው አገራቸው ገቡ። ከወር በኋላ ይሆናል፣ እሁድ ቀን፣ ጌቱ ኮል አደረገላቸው። ስልኩ እንደተነሳ ከዚያ ማዶ የሆነ ነገር ይጮኻል።

“እማዬ! ያ ጩኸት ምንድን ነው? ቤቱ እየተቃጠለ ነው እንዴ?” አለ ጌቱ ደንግጦ።

“ምን ይቃጠላል፣ ሰርጉን እያየን ነው” አሉ። ሳሎናቸው ጎረቤት ሞልቶ ነበር። ያ ቀይ መኪና ምንድን ነው ብለው ቢጠይቋቸው፣ አገሩ ለሙሽራ የሚልከው አጃቢ ነው ብለዋቸዋል። “ዋሸሁ?” አሉ። ከዚያ “ያን ጉደኛ ስጠኝ” አሉ።

ስልኩን ተቀበልኩ። ከበሮውን አዲስ ቆዳ እንዳለበሱት ነገሩኝ። እግዜር ቢፈቅድ የሰናይት ልጅ ክርስትና ላይ ይዘውት እንደሚመጡ፣ ያን ቀን እኔ እንድመታው፣ ምድጃ አጠገብ ካዩኝ ግን እግሬን እንደሚሰብሩት ነገሩኝ። እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ እላለሁ። ከኋላቸው አላርሙ ጮኾ ጮኾ ተቋረጠ፤ ቀጥሎ የኔው ባልዲ መጣ፣ ከዚያ የሳቸው እልልታ፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ። የሚሉትን መስማት አቃተኝ።

“እትዬ፣ አልሰማዎትም! ድምፁን ትንሽ ቢቀንሱት?”

“አልቀንስም!” አሉ። “መስኮቱንም ከፍቼዋለሁ።”